ላሚንግተን፦ የአውስትራሊያው ኬክ እና ብዙ ሰው የሸወደው ታሪኩ

ላሚንግተን ማለት በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ስፖንጅ ኬክ ቀጭን የቸኮሌት ሶስ ውስጥ ተነክሮ፣ ተፈቅፍቆ የደረቀ ኮኮናት ላይ ሲንከባለል ነው። በቃ። አውስትራሊያ ውስጥ ትምህርት ቤቶችና ክለቦች ገንዘብ ማሰባሰብ ሲፈልጉ በደርዘን እያሸጉ የሚሸጡት እሱን ነው።

ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 የኩዊንስላንድ ገዥ ከነበሩት ሎርድ ላሚንግተን እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ማን ሠራው የሚለው ላይ ግን ጭቅጭቁ አላለቀም። አንዱ ወሬ፣ ድንገት እንግዳ ሲመጣ የገዥው ፈረንሳዊ ወጥ ቤት አርማንድ ጋላንድ የተረፈ ኬክ ቸኮሌት ውስጥ ነክሮ ኮኮናት ነሰነሰበት ይላል። ሌላው ደግሞ ሠራተኛዋ ኬኩን ሳታስበው ቸኮሌት ውስጥ ጣለችው ይላል። ይሄኛው ለእኔ ተረት ተረት ይሸተኛል፤ ኬክ ያመለጠው ሰው ኮኮናት ፍለጋ ይሄዳል እንዴ?

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ጉድ ይዞ ብቅ አለ። ላሚንግተን የኒውዚላንድ ነው፣ በ1888 የተሳለ ሥዕል ላይ ታይቷል፣ የመጀመሪያ ስሙም "ዌሊንግተን" ነበር አለ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በምግብ ባለቤትነት ሲነታረኩ የኖሩ ናቸውና ወሬው ተራባ። ዜናው የወጣበትን ቀን ልብ በሉ፦ ኤፕሪል 1። አፕሪል ዘ ፉል! ሙሉ ፈጠራ ነበር። ከዚያ በኋላም እንደ እውነት አድርገው የጻፉት አልጠፉም። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቀን ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ወደ ኩሽና እንግባ። ትልቁ ምስጢር ኬኩን አንድ ቀን ማሳደር ነው። ትኩስ ከሆነ ሶሱ ውስጥ ይፈራርስባችኋል። በማግስቱ አራት በአራት ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ለሶሱ 3 ኩባያ ዱቄት ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ካካዋ፣ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ሳይሆን የገበታ ቅቤ እና ግማሽ ኩባያ ያህል ትኩስ ወተት አዋህዱ። ወፍራም ከሆነ ኬኩን ይቦጭቀዋል፤ ስለዚህ ሳህኑን የፈላ ውኃ ላይ አስቀምጡት፣ ቀጭን እንደሆነ ይቆያል። በሹካ ነክሮ ማውጣት፣ ማንጠፍጠፍ፣ ኮኮናት ላይ ማንከባለል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ማድረቅ።

አንዳንዶች መሃሉን ሰንጥቀው ማርማላታና ክሬም ይጨምሩበታል። ኒውዚላንዶች ደግሞ በቸኮሌት ፋንታ በራስበሪ ሮዝ አድርገው ይሠሩታል። እንቁላል፣ ቅቤና ወተት ስላለው ለጾም አይሆንም፤ ፋሲካን ጠብቁ።