ከኢንስፔክሽን ወደ ሱፐርቪዥን፦ የመምህራን ምዘና በኢትዮጵያ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ

መምህር በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ አነጋገሩንና አጻጻፉን እየተከታተለ መመዘኑ በአገራችን ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያመጣው ሥርዓት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት የኔታን እንዲህ የሚመዝን ባለሥልጣን አልነበረም። ይህም ሲባል መምህሩ አይመዘንም ነበር ማለት አይደለም። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ካላረካው አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል፤ ድጓ የተማረም ቤተልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር፣ የሚፈተነው እርሱ ብቻ ሳይሆን ያስተማረውም ጭምር ነበር። ፍርዱ የሚመነጨው ከሙያው ውስጥ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ፣ በ1934 ዓ.ም. የኢንስፔክሽን ሥራ ተጀመረ። ጽሕፈት ቤቱን በመጀመሪያ የመራው እንግሊዛዊ ነበር። ተግባሩም የተማሪውን፣ የመምህሩንና የክፍሉን ቁጥር መሰብሰብ፣ በመዲናይቱና በጠቅላይ ግዛቶች ያሉትን ትምህርት ቤቶች መጎብኘት፣ ከዚያም ለሚኒስቴሩና ለንጉሠ ነገሥቱ ሪፖርት ማቅረብ ነበር። ሪፖርቱ የሚሄደው ወደ ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ከተቀባዮቹ መካከል መምህሩ የለም።

እንግሊዞች ራሳቸው በዚህ ረገድ መራራ ልምድ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው ደንብ የመንግሥትን ድጎማ በአመዛኙ ኢንስፔክተሩ ሕፃናቱን በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈትኖ ከሚያገኘው ውጤት ጋር አቆራኘው። መምህራንም የንባብ መጽሐፉን በቃል ወደ ማስጠናት አዘነበሉ። ገጣሚው ማቲው አርኖልድ፣ በኢንስፔክተርነት 35 ዓመት ያህል ያገለገለው፣ ደንቡን አጥብቆ ነቀፈው፤ ሥርዓቱ ግን እስከ 1890ዎቹ ዘለቀ።

በእኛ አገር፣ አሜሪካውያን አማካሪዎች በትምህርት ጉዳይ ተሰሚነታቸው ከፍ ባለበት ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም. ኢንስፔክሽን ቀርቶ ሱፐርቪዥን ተተካ። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ ጎብኚው ተቆጣጣሪነቱን ትቶ የመምህሩ አጋዥ እንዲሆን። ነገር ግን አጋዡ የመምህሩን ዕድገትና ዝውውር የሚነካ ቃል በእጁ እስከያዘ ድረስ ማን ድካሙን ይገልጥለታል? በዚያን ዘመን የተማርን ሁሉ ትዕይንቱን እናስታውሳለን። እንግዳው ሲገባ ብድግ እንላለን፤ መምህሩ ካራቫቱን አስተካክሎ ከሳምንት በፊት ያስተማረንን ትምህርት እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ጥያቄ ሲጠይቅ የሁላችንም እጅ ይወጣል። እንግዳው ይጽፋል። እኛም ዝም እንላለን፤ መምህራችንን አሳልፈን አንሰጥማ! የተጻፈው የመምህሩ የዘወትር ሥራ አልነበረም፤ ሊረዳው የመጣውም ሰው የሚረዳበትን ነገር ሳያይ ይመለስ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት መመሪያው በሥራ ላይ መዋሉን መቆጣጠር ሲሻ ኢንስፔክሽንን መለሰ። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ ደግሞ ሱፐርቪዥን ተመለሰ። በዚሁ ጊዜ ግን ከጫካ የመጣው ግምገማ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። ባልደረባ፣ ተማሪና ወላጅ ጭምር መምህሩን እንዲመዝኑ ተደረገ፤ ውጤቱም ከደረጃ ዕድገት ጋር ተያያዘ። በመርሕ ደረጃ የተማሪን አስተያየት መስማት የሚነቀፍ አይደለም፤ የቅኔው ተማሪም በእግሩ ሲፈርድ ኖሯል። ልዩነቱ፣ የቅኔው ተማሪ የሚሄደው ዕውቀት ፍለጋ እንጂ በስብሰባ ላይ እጁን እንዲያወጣ ተጠይቆ አልነበረም። አስተዳዳሪን የተቃወመ መምህር በግምገማ መድረክ ላይ የማስተማር ችሎታው ይሁን አቋሙ እንደሚመዘን ለይቶ ለማወቅ ይቸገር ነበር።

በ2006 ዓ.ም. አጠቃላይ ትምህርትን የሚመለከት የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ወጣ። 26 መመዘኛዎች ተቀመጡ፤ ትምህርት ቤቶችም በአራት ደረጃዎች ተመደቡ። በዚህ ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን አልሻረም፦ ሱፐርቫይዘሩ በነበረበት ቀጠለ፣ ኢንስፔክተሩም ተመልሶ መጣ፤ መምህሩም በኋላ ወንበር የሚቀመጡ ሁለት እንግዶችን ማስተናገድ ያዘ።