ነጭ ሣር፦ በቅን ዓላማ ላይ የሚሰጥ ፍርድ



ተማሪዎች ስለ ቪዲዮ ጌም ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ክርክሩ የሚከርረው ዓላማው የተቀደሰ፣ መንገዱ ግን የተበላሸ ባላንጣ ሲነሣ ነው፤ ምድርን ለማዳን ሲል ሰዎችን የሚያፈናቅል ዓይነት። «ሐሳቡስ ልክ ነበር» ይላል አንዱ። እኔ የታሪክ ሰው ነኝና ይህንኑ ጥያቄ እዚሁ ደጃችን ወዳለው ወደ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ልውሰደው።

ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ሲመሠረት 514 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ የዐባያንና የጫሞን ዳርቻ፣ እግዜር ድልድይን፣ ከተማችን ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮችና የሜዳ አህያ የሚግጥበትን ሜዳ ይዟል። ጉጂዎች በሜዳው ከብት ያሰማሩ፣ ቆሬዎች በሰርመሌ ሸለቆ ያርሱ ነበር። በደርግ ዘመን በኃይል ተባረሩ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ተመለሱ።

በ1996 ዓ.ም. መንግሥት ፓርኩን አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ ድርጅት ለማስረከብ ተዋዋለ። ከመሥራቾቹ ዋነኛው ሆላንዳዊው ባለሀብት ፓውል ፋን ቭሊሲንገን ነበር። ይህን ሰው ጨካኝ አድርጎ መሣል ቀላል ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ሀብቱን ለአፍሪካ የዱር አራዊት አውሏል። ስኮትላንድ ውስጥ ሌተርዩ የሚባል ሰፊ ርስት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተራራ ተጓዦች ማኅበራት ጋር ተደራድሮ መሬቱን ለእግረኛ ክፍት አደረገ። ስለ ነጭ ሣር የነበረው ሥጋትም ከንቱ አልነበረም። ከሰንቀሌ የመጡት ቆርኬዎች ዛሬ በሜዳው የሉም።

ውሉ ላይ ግን ጥቂት ልቆይ። ድርጅቱ በሰፈራው ጉዳይ እጁን ማስገባት አልፈለገም፤ ስለዚህም ፓርኩን የሚረከበው መንግሥት ነዋሪዎቹን አስወጥቶ ከጨረሰ በኋላ እንዲሆን አስቀመጠ። ይህን እንደ ንጽሕና ቆጠረው። በእኔ ግምት ዋናው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ከድርጊቱ ለመራቅ የተጻፈው አንቀጽ ለድርጊቱ ቅድመ ሁኔታ ሆነ። ቆሬዎች ወደ ሰፈራ ተወሰዱ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ 463 የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸውን የመብት ተሟጋቾች ዘገቡ።

እሳቱን የለኮሰው እርሱ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የመንግሥት ኃላፊነትም ከመንግሥት ትከሻ አይወርድም። ነገር ግን በደጋው ጋሞ በዱቡሻ ጉዳይ ሲታይ ባለጉዳዮቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሟገታሉ። የነጭ ሣር ውል ወገኖች መንግሥትና ድርጅቱ ነበሩ፤ እረኛውና ገበሬው አልነበሩበትም። በአገሩ አቅራቢያ ከእግረኞች ጋር ቁጭ ብሎ የተደራደረ ሰው፣ እዚህ ድርድሩን ለሌላ ተወ። ሌተርዩ ላይ ሰው ከዱር ጋር አብሮ ይኖራል ብሎ አምኖ ነበር፤ እዚህ ግን ዱር የሰው ዱካ የሌለበት መሆን ነበረበት። ስለዚህ የምከስሰው ዓላማውን አይደለም። ያንኑ ዓላማ ለእኛ ሲሆን ማጉደሉን ነው።

እኛ ከተሜዎችም ንጹሓን አይደለንም፤ ከደኑ የሚወጣው ማገዶ የሚነደው በዐርባ ምንጭ ምድጃ ነው።

ፋን ቭሊሲንገን በ1998 ዓ.ም. ዐረፈ። ድርጅቱም ሰዎች የፓርኩን ሀብት በሚጠቀሙበት ሁኔታ መሥራት አልቻልኩም ብሎ በ2000 ዓ.ም. ለቀቀ። ጉጂዎች ያኔም በሜዳው ነበሩ።

ከጉጂና ከቆሬ የመጣችሁ ተማሪዎች በዚህ አዳራሽ ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን ቃል ለእናንተ እሰጣለሁ።