የስሜን ዋልያና የተራራው ሰዎች

ስለ አገር ታሪክ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ነገሥታትንና ጦርነትን ነው። ይሁን እንጂ ደኑና አራዊቱም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ያም ታሪክ ከሰው ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የስሜን ዋልያ ነው። እኛ የዘንድሮ ተመራቂ ተማሪዎች፣ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ስለ ዋልያ ጥቂት ልናወሳ ወደድን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋልያ ከዱር ፍየሎች ወገን ነው። ወንዱ ወደ ኋላ የታጠፉ ትልልቅ ቀንዶች አሉት። ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በዱር አይገኝም። ወደ አውሮፓ ሊቃውንት መጻሕፍት የገባው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1835 ከገለጸው በኋላ ነው፤ የስሜን ሰው ግን ከዚያ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ማደሪያው ገደሉና በገደሉ አጠገብ ያለው የአስታ ደን ነው። ገበሬው ለገብስ ማሳ ደኑን እየመነጠረ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከብቱም ሣሩን ሲግጥ፣ ለዋልያው የቀረው ስፍራ እየጠበበ ሄደ።

ከዚህም በላይ የጎዳው ጠመንጃ ነው። ኢጣልያ አገራችንን በያዘችበት ከ1936 እስከ 1941 ባለው ዘመን ጠመንጃ በየተራራው በዛ፤ ዋልያውም በብዛት ታደነ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1944 የአራዊትን አደን የሚወስን አዋጅ ወጣ። ነገር ግን የሚጠብቅ ሰው በሌለበት ገደል አዋጅ ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል? በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀሩት ዋልያዎች ሁለት መቶ እንኳ እንደማይሞሉ ተገመተ።

ስለዚህም የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ፤ በ1969ም በሕግ ጸደቀ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ስፍራዎች መካከል ስሜንና ላሊበላ ሁለቱ የእኛው ነበሩ። ክብሩ ታላቅ ነበር። ሸክሙን የተሸከሙት ግን በተራራው የሚኖሩት ገበሬዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በደርግ ዘመን፣ በፓርኩ ተዳፋት የነበሩ መንደሮች በኃይል እንዲነሡ ተደረገ። ቤቱንና ማሳውን ያጣ ሰው ፓርኩን እንደ ወዳጅ ሊያየው እንደማይችል ግልጽ ነው። በ1980ዎቹም ጦርነቱ ሲበረታ ፓርኩ ያለ ጠባቂ ቀረ። የዋልያው ቁጥር በመቀነሱና እርሻው በመስፋፋቱ፣ ዩኔስኮ በ1996 ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ አስገባው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተደከመ። የፓርኩ ስፋት ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አደገ፤ በመካከሉ የሚያልፈውን መኪና የሚያስቀር ሌላ መንገድም ተሠራ። በ2016 ከአራት መቶ የሚበልጡ የግጭ ቤተሰቦች አገራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በተከታዩ ዓመት በ2017 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በ2019 በፓርኩ እሳት በተነሣ ጊዜ ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ ነበልባሉን ተጋፈጠ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አገዙ።

ዳሩ ግን በ2020 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወደ ስሜንም ደረሰ። እንግዳው ቀረ፤ በመሪነት፣ በጥበቃና በቅሎ በማከራየት ይኖር የነበረው ሰው ገቢውን አጣ፤ የዋልያውም ቁጥር እንደገና አሽቆለቆለ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። በስሜን ሰው በተቸገረ ቁጥር ዋልያው አብሮ ተቸግሯል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የአገር ሁሉ ጌጥ የሆነውን እንስሳ የጥቂት ገበሬዎች ሸክም ማድረግ አይገባም። በስሙ የብሔራዊ ቡድናችንን ተጫዋቾች «ዋልያዎቹ» ብለን የምንጠራ ሁሉ ዕዳ አለብን። ከፓርኩ የሚገኘው ገንዘብ ለተራራው ልጆች ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሊሆን ይገባል፤ መሬቱን የለቀቀውም ሰው የሚተዳደርበት ሥራ ሊያገኝ ይገባል።

ከመካከላችን ነገ መምህር፣ ሐኪም፣ የእርሻ ባለሙያ የሚሆኑ አሉ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ ከእኛ አንዱ በስሜን ለማገልገል ቢነሣ «ሩቅና ብርድ ነው» ብላችሁ እንዳታስቀሩት አደራ እንላለን።