ከጠመጠሙ በኋላ የተማሩ ሊቃውንት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የምንጽፈው ከጠመጠሙ በኋላ ወደ ተማሪነት ስለ ተመለሱ ሰዎች ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1925 እና በ1926 ጀርመናዊው ሃይዘንበርግና ኦስትሪያዊው ሽሮዲንገር ኳንተም ሜካኒክስ የተባለውን አዲስ የፊዚክስ ትምህርት መሠረቱ። ይኸውም የአቶምንና የኤሌክትሮንን ጠባይ የሚመረምር ነው። በ1928 ፊሊክስ ብሎክ፣ አቶሞች በሥርዓት በተደረደሩበት ጠጣር አካል ውስጥ ኤሌክትሮን እንደ ማዕበል ሆኖ እንዴት እንደሚያልፍ አስረዳ። በ1931 ደግሞ እንግሊዛዊው አላን ዊልሰን መዳብ ኤሌክትሪክን ሲያሳልፍ ብርጭቆ የሚከለክለው፣ አንዳንዱም ነገር በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚገኘው ስለ ምን እንደ ሆነ ገለጸ። ይህ መካከለኛው ከፊል አስተላላፊ ይባላል።

በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ብዙዎቹ ሊቃውንት ይህን አዲስ ትምህርት በተማሪነታቸው ዘመን በሙሉ አላገኙትም ነበር። ከነርሱም አንዱ ዋልተር ብራቴን በ1931 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የጀርመኑን መምህር የዞመርፌልድን ትምህርት ሰማ፤ ተመልሶም የሰማውን ለባልደረቦቹ አካፈለ። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት የሥራውን ሰዓት ስላሳጠረው ብዙዎች ትርፍ ጊዜያቸውን ለትምህርት አዋሉት።

በ1936 ዊልያም ሾክሌይ የተባለ ወጣት ዶክተር ወደ ላቦራቶሪው ገባ። ከዚያም ወዲህ እርሱና ብራቴን፣ ሌሎችም ጥቂት ባልደረቦች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ማጥናት ጀመሩ። አስተማሪ አልቀጠሩም። በዚያው ዓመት የታተመውን፣ ሞትና ጆንስ ስለ ብረታ ብረት ጠባይ የጻፉትን መጽሐፍ ይዘው በተራ ያስረዱ ነበር። ለሌላው ለማስረዳት የሚነሣ ሰው ያልገባውን ነገር ሊሸሽግ አይችልም። የዚህ ዓይነት ጥናት ዋና ጥቅሙ ይህ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ፍሬው ወዲያው አልተገኘም። በዚያ ዘመን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚጎላው አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ ነበር፤ ቱቦውም ይግላል፣ ይሰበራል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በ1939 መጨረሻ ሾክሌይ ይህን ቱቦ በጠጣር አካል ለመተካት አሰበና ከብራቴን ጋር በመዳብ ኦክሳይድ ሞከረ፤ አልተሳካም። ከጦርነቱ ማብቂያ ላይ በ1945 በሲሊከን ተሞከረ፤ አሁንም አልተሳካም። በዚያው ዓመት የገባው ጆን ባርዲን ግን ምክንያቱን መረመረና፣ በአካሉ ገጽ ላይ የተያዙ ኤሌክትሮኖች ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ውስጥ እንዳይገባ እንደሚጋርዱት በ1946 አስረዳ። ትምህርቱ ባይኖር ኖሮ ያ ውድቀት ውድቀት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

በዲሴምበር 1947 ባርዲንና ብራቴን ሁለት የወርቅ ጫፎችን በጀርማንየም ቍራጭ ላይ አቀራርበው በማሳረፍ ደካማውን ምልክት አጎሉት። ይህ ነው ትራንዚስተር የተባለው። ሦስቱም ሰዎች በ1956 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ዛሬ በእጃችን በምንይዘው ስልክ ውስጥ ትራንዚስተሮች በቢሊዮን ይቈጠራሉ።

እነዚህ ሰዎች የሒሳብ መሠረት፣ የተሟላ ላቦራቶሪና መጽሐፍ እንደ ነበራቸው አንዘነጋም፤ ያለ መሠረት ማንም አይገነባም። ነገር ግን ዶክተር ከተባሉ በኋላ «ይህ አልገባኝም» ብለው በባልደረቦቻቸው ፊት መናገራቸው ከላቦራቶሪ የሚገኝ ነገር አይደለም። ራስን ማስተማር ማለትም ብቻን መቀመጥ እንዳልሆነ ከነርሱ እንረዳለን።

ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው የጠመጠሙ ታላላቆቻችን ለበዓሉ ሲመጡ በደስታ እንቀበላቸዋለን። እኛም በተራችን የጠመጠምን ዕለት ጥምጥማችን ከመጠየቅ እንዳይከለክለን ከወዲሁ እንልመድ።