ስለ ሰበታ፥ ስለ ቡራዩና ስለ ሱሉልታ ፎቶግራፎች

አንባብያን ሆይ፤ በየቤታችሁ፥ በሣጥን ግርጌ ወይም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጡ አሮጌ ፎቶግራፎች እንዳሉ አልጠራጠርም። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነርሱ ነው፤ ይኸውም ነገሥታትና መኳንንት ስለ ተነሡት ሳይሆን፥ በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ገበሬውና ገበያተኛው፥ ተማሪውና ሙሽራው ስለ ተነሡት ነው።

ከጥቂት ሚሲዮናውያን ሥራ በቀር፥ ፎቶግራፍ ወደ አገራችን የገባው ከጦር ጋር ነው ለማለት ይቻላል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶቹ ክፍል የፎቶግራፍ መሣሪያ ጭኖ መጣ፤ ተራራውንና የጦሩን ሰፈር አነሣ። የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር በተወሰደ ጊዜ፥ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ አነሣችው። የዚያን ሕፃን ፊት ያየ ሰው አይረሳውም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሥራውን ወረሱ። የእነዚህ ሰዎች መሣሪያ ወደ ዙፋኑ የዞረ ነበረ። መሣሪያው ከባድ፥ መስተዋቱ ተሰባሪ፥ መድኃኒቱም ውድ ስለ ነበረ በዚህ አይፈረድባቸውም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ደግሞ ሉቼ የተባለው የኢጣልያ መንግሥት ተቋም ብዙ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ነገር ግን የፈለገው የድል ማስረጃ እንጂ የሰዉን ኑሮ አልነበረም።

እስቲ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ አገር እንመልከት። ፍራንሲስ ፍሪዝ የተባለው እንግሊዛዊ በመጀመሪያ ወደ ግብፅ ሄዶ ፒራሚዶቹን አነሣ፤ በዚህም ስሙ ገነነ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ገደማ ራይጌት በምትባል ከተማ ድርጅት አቁሞ፥ የገዛ አገሩን ከተሞችና መንደሮች አንድ በአንድ ለማንሣት ተነሣ። የመንደሩ ድልድይ፥ የሥጋ ሻጩ ደጃፍና የገበያው አደባባይ በካርድ እየታተመ ተሸጠ። ድርጅቱ ያነሣቸው ከተሞችና መንደሮች ቍጥር 7 ሺህ ያህል ደረሰ። ሰር ቤንጃሚን ስቶን ደግሞ በ1897 የአገሩን ኑሮ በፎቶግራፍ የሚመዘግብ ማኅበር አቋቁሞ ሥራውን በብሪታንያ ሙዚየም አስቀመጠ። ከዚህም የተነሣ አንድ የዛሬ እንግሊዛዊ የአያቱን መንገድ፥ ምንም ትንሽ ከተማ ብትሆን፥ ፈልጎ ሊያይ ይችላል።

እኛ ዘንድስ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ለምን ተዘለሉ? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ትንሽነታቸው ብቻ አይደለም፤ ቅርበታቸው ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። መሣሪያ የያዘ መንገደኛ የሱሉልታን ሜዳ ሲያቋርጥ ሐሳቡ ደብረ ሊባኖስና ዓባይ በረሃ ላይ ነው፤ በቡራዩ ሲያልፍም ስለ አዲስ ዓለም ያስባል። ሲመለስ ደግሞ ወይ ፊልሙ አልቋል፥ ወይ መሽቷል።

ነዋሪው ራሱ ፎቶግራፍ መነሣት ሲያምረው ወደ ፒያሳ ወይም ወደ መርካቶ ይወርድ ነበረ። በፎቶግራፍ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው መጋረጃ ፏፏቴ ወይም ባለ ብዙ ደረጃ ቤት የተሣለበት ነው። ስለዚህ የሰበታዋ ሙሽራ ፎቶግራፍ ዛሬ ቢገኝ ጥለቷን፥ ሹሩባዋንና ጫማዋን ያሳያል እንጂ ሰበታን አያሳይም። ከዚያም ለትምህርት ቤትና ለቀበሌ መታወቂያ የሚለጠፈው ጉርድ ፎቶግራፍ መጣና አገሩን ጨርሶ ከሥዕሉ አስወጣው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው ሽብር ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው ከጓደኞቹ ጋር የተነሣውን በገዛ እጁ አቃጠለ፤ የቡድን ፎቶግራፍ የስም ዝርዝር ያህል ያስፈራ ነበርና። ግድብንና ድልድይን ማንሣትም ዘበኛን የሚያስቆጣ ነገር ስለ ሆነ፥ አዲስ አበባን ውሃ ሲያጠጣ የኖረው የገፈርሳ ግድብ በቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ ከስንት አንዴ ቢታይ አያስደንቅም።

ሆኖም ሁሉ አልጠፋም። መሣሪያው እየረከሰ ሲሄድ ለሠርግና ለበዓል የሚጠራ ፎቶግራፍ አንሺ ወደየሰፈሩ መምጣት ጀመረ። እርሱም ሙሽሮቹን ሲያነሣ ከኋላቸው ያለውን የሣር ክምር፥ የጭቃ ቤቱንና የተጫነውን አህያ ሳያስበው አብሮ አነሣ። እኔ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ሲገጥመኝ ከሙሽሮቹ ይልቅ ዓይኔ የሚያርፈው በሣር ክምሩ ላይ ነው፤ ሙሽሮቹ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ሱሉልታ በዓለም ዘንድ የምትታየው በሯጮቿ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ አሠርቶባታል፥ እንግሊዛዊው ሞ ፋራም መጥቶ ተለማምዶባታል። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ግን ከተማይቱ ከሯጩ ትከሻ ኋላ የደበዘዘች ናት።

ሰበታ ውስጥ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ። በዚያ የተማረ ሰው የክፍሉን ፎቶግራፍ ቢይዝ፥ ማን ከማን ጎን እንደ ቆመ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን በጀርባው ስም ያልተጻፈበትን ፎቶግራፍ የያዝን እኛስ ከዚያ ሰው በምን እንሻላለን?

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩል የሆነው ከተሞቹ በመለወጣቸው ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከሰበታ ተነሥቶ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም ከተሞች ከሌሎች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ ብዙ ቤቶችም ፈረሱ። በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የየቤተሰቡ ፎቶግራፎች ከየሣጥኑ ተሰብስበው ቪንቴጅ አዲስ አበባ በሚል ስም በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ወደ ዙሪያዎቹ ከተሞችም ቢሻገር ብዙ ሣጥን ይከፈት ነበር።

አንድ ቀን በሱሉልታ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ገብቼ ስድስት ሰዎች ያሉበት ፎቶግራፍ አሳዩኝ። «አባባ፥ እነዚህ እነማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። አምስቱን ሳይቸገሩ ቈጠሩልኝ። በስተ ግራ ዳር በቆመችው ሴት ላይ ግን ጣታቸው ቆመ፤ ገለበጡትና በጀርባው «ለማስታወሻ» ከሚለው በቀር የተጻፈ አላገኙም። እርሳስ አውጥቼ የነገሩኝን ስሞች ጻፍሁ። ስለ እርስዋም ምን ልጻፍ ብላቸው ጥቂት አሰቡና፥ «ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ትኖር የነበረች ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ወፍጮ ቤቱም የት እንደ ነበረ እንዲያሳዩኝ ለምኜ፥ አብረን ወጣን።