የወህኒ አምባ እስረኞች

ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ወጣ ብሎ በሚገኘው በደብረ ፀሐይ ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ አዳራሽ ፍራሽ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ዐፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ ነው የሚባለውም አጽም እዚያው ተጠብቆ ይኖራል። ስለ ሕንፃው ውበት ብዙ ተነግሯል። እኛ ግን ልናስታውስ የምንወደው የዚሁ ቤተ መንግሥት ዘመዶች ሆነው ሳሉ ዕድሜያቸውን በገደል ላይ የፈጁትን ሰዎች ነው።

ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ዙሪያውን ገደል የከበበው ወህኒ የሚባል አምባ አለ። የነጋሢ ዘር የሆኑትን ወንዶች በአምባ ላይ ማገድ የቆየ ልማድ ሲሆን ቀድሞ ቦታው አምባ ግሸን ነበር። ግሸን በግራኝ ሠራዊት ከተያዘ ወዲህ ልማዱ ተቋርጦ ቆይቶ፣ ዐፄ ፋሲል (1624–1660 ዓ.ም.) በወህኒ እንደ ገና አቆሙት። ሐሳቡ አልጋው ባዶ በሆነ ቁጥር ወንድም ወንድሙን እንዳይወጋ ነበር፤ ይህንም ከንቱ ሐሳብ ነው ለማለት አንደፍርም። ይሁን እንጂ በዚያ የታገዱት አብዛኞቹ፣ ወደ ፊት ያምፁ ይሆናል ተብለው የተፈሩ እንጂ ያመፁ አልነበሩም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው ራሴላስ በተባለው ልብ ወለድ የኢትዮጵያ ልዑላን ምግብና ዘፈን በማይጎድልበት ሸለቆ ሲኖሩ አሳይቷል። እውነቱ ሌላ ነበር። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ በቁስቋም ግቢ የፈንጣጣ ሕሙማንን ያከመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጻፈውን እንመልከት።

በ1674 ዓ.ም. የነገሡት ታላቁ ዐፄ ኢያሱ ወደ ወህኒ ወርደው ዘመዶቻቸው ሁሉ ከአምባው ወርደው በፊታቸው እንዲቀርቡ አዘዙ። የቀረቡትም ሽማግሌው፣ ጎልማሳውና ሕፃኑ ሁሉ ቡትቶ የለበሱ፣ ገላቸው የተራቆተ ነበሩ። ንጉሡ ይህን ባዩ ጊዜ አለቀሱ። ነገሩ ሲመረመር ለእስረኞቹ ቀለብና ልብስ የተመደበው ገቢ በአባታቸው በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በየመንገዱ እየቀረ ወደ አምባው ሳይደርስ ኖሯል። ሹሙ እህሉን ቢያስቀር ማን ይጠይቀዋል? እስረኛው ጩኸቱን የሚያሰማበት በር ያንኑ ሹም አልፎ የሚሄድ ነው። ዐፄ ኢያሱ ልብስና ገንዘብ አደሉ፣ ተቋርጦ የነበረው ገቢም እንዲመለስ አዘዙ። አምባውን ግን አልሻሩም።

ከዚህ በኋላ የሆነው በገዛ ልጆቻቸው ላይ ነው። ከልጆቻቸው አንዱ በካፋ ከወህኒ አምልጦ ሲያዝ ከአፍንጫው ተቆረጠ። አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም የሚል እምነት ስለ ነበረ ይህ ቅጣት ሰውየውን ከማሠቃየት አልፎ ከአልጋ የመነጠያ ዘዴ ነበር። ዘዴው ግን አልሠራም፤ በ1713 ዓ.ም. በካፋ ነገሡ፣ ምንትዋብንም አገቡ። እንግዲህ የእስርን መከራ በገላው የቀመሰ ሰው ለእስረኛ ይራራል ብለን ብንጠብቅ አይፈረድብንም። ሆኖም በዚያው አምባ ላይ የቀረው የበካፋ ወንድም ዮሐንስ እጁን በወንድሙ ትእዛዝ እንደ ተቆረጠ ብሩስ ጽፏል።

በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ለአልጋው ሰው ፈለጉ። ያገኙትም ከሰባ ዓመት በላይ የሆነውን፣ እጀ ቆራጣውን ዮሐንስን ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም የልጅ ልጃቸውን እያለቀሱ ሳለ የባላቸው ወንድም ከገደሉ ወርዶ ዘውድ ተጫነ። ዕድሜውን ሁሉ አምባ ላይ ያሳለፈ ሽማግሌ ጦር ልዝመት አይል ነገር ጊዜው አልፎበታል፤ ጥቂት ወራት እንኳ በቅጡ ሳይነግሥ በጥቅምት 1762 ዓ.ም. ሞተ። ራስ ሚካኤል በመርዝ አስገደሉት ተብሏል። ልጁን ተክለ ሃይማኖትንም በፈንታው አነገሡ።

በዘመነ መሳፍንት ንጉሥ የስም ብቻ ሲሆን የሚታገድ ልዑልም ዋጋ አጣ፤ የአምባው አገልግሎት በዚሁ እየደከመ ሄደ። ስሙ ግን ወደ እስር ቤት ሁሉ ተላልፎ ወህኒ ቤት ተባለ። በዛሬ ጊዜ በመንግሥት ጽሑፍ ማረሚያ ቤት ቢባልም ሕዝቡ የታሰረውን ሰው አሁንም «ወህኒ ወረደ» ይለዋል፤ በእነ ዮሐንስ ዘመን ግን ወደ ወህኒ የሚሄድ ሰው ይወጣ ነበር እንጂ አይወርድም ነበር።