ቀለሃው ዝም ሲል

ጁላይ 4 ቀን 1925 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ የነጻነት በዓል ማለዳ። ኤልመር ኪዝ የተባለ ከብት አርቢ በዓሉን ለማክበር ኮልት ሽጉጡን ይተኩሳል። ጥይቶቹን የሞላው ራሱ ነው፤ የተተኮሰ ቀለሃ ወስዶ፣ ቂጡ ላይ አዲስ መለኮሻ ገጥሞ፣ ባሩድ ጨምሮ፣ አናቱ ላይ ለጠመንጃ የተሠራ 300 ግሬን (19 ግራም ገደማ) አረር ተክሎበታል። ለሽጉጡ የተለመደው 250 ግሬን ገደማ ነበር።

አንዱ ጥይት በሰላም ወጣ። ቀጣዩ ጆሮውን አደነቆረው። ሌላ ሊደግም ምላጭ ሲስብ ቀጭ ብሎ ቀረ። ሽጉጡን ቢያየው የሦስት ጥይት ቀዳዳዎች የላይኛው ግማሽ፣ ከላያቸው ካለው ብረት ጋር፣ ተገምሶ ሄዷል። ኪዝ ጆሮው ከመጮኹ በቀር ደህና ነበር። ዕድል እንጂ ጥንቃቄ አላተረፈውም።

በዚያ ዘመን ቤቱ ጥይት የሚሞላ ሰው ግፊትን የሚለካው በዓይኑ ነው። መለኮሻዋ ከተጨፈለቀች፣ መርፌው የመታት ቦታ ጠርዙ ካበጠ፣ ቀለሃው አልወጣ ካለ፣ «በዛ» ብሎ ባሩድ ይቀንሳል። ለጠመንጃ ይህ መጠነኛ እርዳታ አለው። ለሽጉጥ ግን ወጥመድ ነው። ዛሬ የአሜሪካ አምራቾች ደረጃ ለካሊበር 45 ኮልት የሚፈቅደው 14,000 ፓውንድ በኢንች ካሬ ብቻ ሲሆን፣ ብዙ የጠመንጃ ጥይቶች 60,000 ይጠጋሉ። ናሱ መጨፍለቅ ሲጀምር የድሮው ሽጉጥ ከአቅሙ በላይ ከተሸከመ ቆይቷል። «ምልክት አላየሁም» የሚል ሰው እንግዲህ ምንም አላረጋገጠም።

ኪዝ ወደ 44 ስፔሻል ዞረ፤ ቀዳዳው ስለሚጠብ በዙሪያው የሚቀረው ብረት ይወፍራል። ፋብሪካዎቹ ደግሞ የተኳሹን ዓይን ማመን አልፈለጉም፤ ደግ አደረጉ። በ1935 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 357 ማግነምን ሲያወጣ፣ ቀለሃው ከ38 ስፔሻል በ3 ሚሊሜትር ገደማ የረዘመው በደካማዎቹ የድሮ ሽጉጦች ውስጥ እንዳይገባ ነው። ግፊቱ እጥፍ ነበርና። ኪዝ ለዓመታት የወተወተለት 44 ማግነምም በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ በዚሁ ዘዴ ረዘመ።

ይህ አጥር ግን የፋብሪካ ጥይትን እንጂ ቤት የሚሞላውን ሰው አያግድም። ጭስ አልባው ባሩድ ጥቂቱ ብዙ ስለሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ የሽጉጥ ቀለሃን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በስህተት ሁለቴ ቢጨመር ይገባል፤ አረሩም ይተከልበታል፤ ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ አይለይም። ልምድ ያላቸው ሰዎች እያንዳንዱን መጠን በሚዛን ከባሩድ አምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ካስተያዩ በኋላም፣ አረር ከመትከላቸው በፊት ቀለሃዎቹን ደርድረው በባትሪ እያበሩ አንድ በአንድ ውስጣቸውን የሚያዩት ለዚህ ነው።